ቤት ውስጥ ሙዚቃ ሳይቆራረጥ እንዲሰማ የዋይፋይ ሽፋንን ማሻሻል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በኢንተርኔት የሚሰማ ሙዚቃ በብዙ ቤተሰብ ዘንድ የቴፑንና የሬዲዮኑን ቦታ ከያዘ ቆይቷል። ቅዳሜ ጠዋት ቡና ሲፈላ፣ ቤት ሲጸዳ፣ እንግዳ ሲጠበቅ ስፒከሩ ይከፈታል፤ ሳሎን ውስጥ በጥራት የተጀመረው ዘፈን ግን ስልኩ ወደ መኝታ ቤት ወይም ወደ ማድ ቤት ሲሻገር ይንተባተባል፣ አንዳንዴም ጨርሶ ይቆማል። ከዚህ በታች ያሉት በቤት ዋይፋይ ዝርጋታ ሥራ ላይ በቆየሁባቸው ዓመታት ደጋግሜ የተጠየቅኋቸው ጥያቄዎች ናቸው። መልሶቹ የተጻፉት በመጀመሪያ ደረጃ በብሎኬትና በሶሌታ የተሠሩትን የከተማ ቤቶቻችንን በማሰብ ሲሆን፣ በውጭ አገር ለሚኖሩ አንባቢዎች የሚለይ ነገር ሲኖር እዚያው ተጠቅሷል።

ሙዚቃ ለማዳመጥ ምን ያህል ፍጥነት ያስፈልጋል? የኢንተርኔት ጥቅሉን ከፍ ባደርገው ችግሩ ይፈታልኛል?

ሙዚቃ የሚፈልገው ፍጥነት ብዙዎች ከሚገምቱት እጅግ ያነሰ ነው። ስፖቲፋይ በተለመዱት የጥራት ደረጃዎቹ በሰከንድ 96፣ 160 ወይም 320 ኪሎቢት ይጠቀማል፤ የዩቲዩብ ሙዚክ ከፍተኛ ጥራት ደግሞ በሰከንድ 256 ኪሎቢት ነው። በሰከንድ 1 ሜጋቢት ብቻ የሚያስተላልፍ መስመር እንኳ በስሌት ደረጃ 320 ኪሎቢት የሚወስዱ ሦስት ዘፈኖችን በአንድ ጊዜ ሊሸከም ይችላል ማለት ነው። ሳይጨመቅ የሚተላለፍ የሲዲ ድምፅ በሰከንድ 1,411 ኪሎቢት ይወስዳል፤ እሱም ቢሆን ለዛሬ የቤት ፋይበር መስመር ቀላል ሸክም ነው።

ስለዚህ ወደ ቤትዎ የሚገባው መስመር በሰከንድ 10 ሜጋቢት ሆኖ ሳለ ሙዚቃው መኝታ ቤት ውስጥ የሚቋረጥ ከሆነ፣ መስመሩን ወደ 50 ቢያሳድጉት ወርሃዊ ክፍያው ይጨምራል እንጂ መኝታ ቤቱ ውስጥ የሚለወጥ ነገር አይኖርም፤ እንቅፋቱ ያለው ከሞደሙ እስከ ስልኩ ባሉት ጥቂት ሜትሮች ውስጥ ነውና። አፑ ዘፈኑን ከሚጫወትበት ሰዓት ቀደም ብሎ እየሳበ ስልኩ ውስጥ ያጠራቅማል። ይህ ክምችት ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሮቶ የሚሰጠውን አገልግሎት ይሰጣል፦ መስመሩ ለአፍታ ቢቋረጥም ቧንቧው አይደርቅም። ድምፁ የሚጠፋው መቋረጡ ተደጋግሞ ወይም ረዝሞ ሮቶው ባዶ ሲሆን ነው። የቀጥታ ሬዲዮ ስርጭት ቀድሞ የሚሳብ ነገር ስለሌለው ክምችቱ አነስተኛ ነው፤ በደካማ ሲግናል ላይ ከሌላው ሙዚቃ በፊት እሱ የሚቋረጠውም በዚህ ምክንያት ነው።

አንድ ነገር ግን መለየት ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ሙዚቃ አዳመጥኩ የሚለው ዩቲዩብ ላይ ቪዲዮ ከፍቶ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ነው። በዚህ ጊዜ አብዛኛውን ዳታ የሚወስደው ማንም የማያየው ምስል ስለሆነ፣ የምስሉን ጥራት ዝቅ ማድረግ ብቻውን በደካማ ክፍል ውስጥ ያለውን መቆራረጥ ሊያስቀር ይችላል።

ችግሩ ከሚገባው ኢንተርኔት ይሁን ከቤቴ ዋይፋይ እንዴት አውቃለሁ?

ከሁሉ በፊት የስልኩን የሞባይል ዳታ ያጥፉ፤ አለበለዚያ ዋይፋዩ ሲደክም ስልኩ ሳይነግርዎ ወደ ሞባይል ዳታ ይሻገርና ምርመራው ይበላሻል። ከዚያ ከሞደሙ 2 ሜትር ያህል ርቀው፣ በመካከል ግድግዳ ሳይኖር፣ ከዚህ በፊት ያልከፈቷቸውን ዘፈኖች ለ20 ደቂቃ ያህል ያጫውቱ። አዲስ ዘፈን መሆኑ አስፈላጊ ነው፤ ቀድሞ የተሰማው ስልኩ ውስጥ ተቀምጦ ሊገኝ ይችላል። እዚህም የሚቆራረጥ ከሆነ የግድግዳ ጥያቄ አይደለም፣ መስመሩን ማየት ይገባል። በፋይበር ሞደም ላይ ኤልኦኤስ የሚል ጽሑፍ ያለበት መብራት ቀይ ከሆነ የፋይበሩ ብርሃን ሞደሙ ጋር እየደረሰ አይደለም፤ ይህን ደግሞ በቤት ውስጥ የሚያስተካክሉት ነገር ስላልሆነ አገልግሎት ሰጪዎን ማነጋገር ያስፈልጋል፤ ለኢትዮ ቴሌኮም ደንበኞች ቁጥሩ 994 ነው። ሞደሙ አጠገብ ያለ እንከን ተጫውቶ ሌላ ክፍል ውስጥ ከተቋረጠ ግን ጉዳዩ የሽፋን ነው፤ ከዚህ በኋላ የሚከተለው መልስ ሁሉ ለእርስዎ ነው።

የሲግናሉ ምልክት ሙሉ ሆኖ እያለ ለምን ይቋረጣል?

ስልኩ ላይ የሚታየው የሞገድ ምልክት ስልኩ ሞደሙን ምን ያህል እንደሚሰማ ብቻ ነው የሚያሳየው። ሞደሙ ስልኩን ምን ያህል እንደሚሰማ አይናገርም። ስልክ በትንሽ ባትሪ የሚሠራ በመሆኑ አብዛኛውን ጊዜ ከሞደሙ ባነሰ ኃይል ያሰራጫል፤ ስለዚህ ሞደሙ በግድግዳ አልፎ ሲደርሰው፣ የስልኩ ምላሽ ግን መንገድ ላይ ሊቀር ይችላል። በዚህ ላይ ምልክቱ አራት ወይም አምስት ደረጃ ብቻ ስላለው እጅግ ሻካራ መለኪያ ነው።

የተሻለው መለኪያ የሲግናሉን ኃይል በቁጥር የሚያሳየው ዲቢኤም የሚባለው ነው፤ ለአንድሮይድ ስልክ ይህን ቁጥር በነጻ የሚያሳዩ የዋይፋይ መመርመሪያ አፖች አሉ። ቁጥሩ ሁልጊዜ ከዜሮ በታች ሲሆን ወደ ዜሮ በቀረበ መጠን ይሻላል። 50 ሲቀነስ (-50 ተብሎ የሚጻፈው) እጅግ ጥሩ ነው፤ እስከ 67 ሲቀነስ ድረስ ሙዚቃ ያለ ሐሳብ ይሰማል፤ ከ75 ሲቀነስ በታች መንተባተብ ይጀምራል፤ 80 ሲቀነስ ላይ መተማመን አይቻልም። በየ10 ዲቢ ልዩነት ኃይሉ ወደ አንድ አሥረኛ እንደሚወርድ ልብ ይበሉ፦ በ50 ሲቀነስና በ80 ሲቀነስ መካከል ያለው ልዩነት የ1,000 እጥፍ ነው። በእጅዎ ወረቀትና እርሳስ ይዘው በየክፍሉ እየቆሙ ቁጥሩን ይመዝግቡ፤ ግማሽ ሰዓት የማይፈጅ ሥራ ነው፣ ከዚያ በኋላ የሚወስዱትን እርምጃ ሁሉ ከግምት ያወጣዋል።

የሚቆራረጠው የብሉቱዝ ስፒከሬ ነው። ይህም የዋይፋይ ችግር ነው?

ላይሆን ይችላል። የብሉቱዝ ስፒከር ሙዚቃውን የሚቀበለው ከስልኩ ነው፣ ስልኩ ደግሞ ከዋይፋዩ፤ መንገዱ ሁለት እግር አለው ማለት ነው። ዘፈኑ በስልኩ በራሱ ድምፅ ማጉያ ሳይቆራረጥ የሚሰማ ከሆነ የተሰበረው ሁለተኛው እግር ነው። የተለመዱት የብሉቱዝ ስፒከሮች የሚያገለግሉት እስከ 10 ሜትር አካባቢ ሲሆን፣ ስልኩ ኪስ ውስጥ ሆኖ ሰውየው ጀርባውን ሲያዞር የሰውነቱ ውሃ ብቻ ሲግናሉን ሊያዳክመው ይችላል። ብሉቱዝና የ2.4 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ የሚጠቀሙት አንድ ዓይነት የሞገድ መስክ በመሆኑ፣ ስልኩን ወደ ሌላኛው የሞደሙ የሞገድ መስክ፣ ወደ 5 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ ማዛወር ስፒከሩን ጸጥ ያለ መስክ ይሰጠዋል፤ ብዙ ጊዜም ችግሩ በዚሁ ያልቃል።

ዋይፋይ ያላቸው ስፒከሮችና ክሮምካስት መሰል መሣሪያዎች ግን ሌላ ናቸው። ስልኩ ትእዛዝ ብቻ ይሰጣቸዋል፤ ሙዚቃውን ራሳቸው ከኢንተርኔት ይስባሉ። ስለዚህ መለካት ያለበት ስልክዎ የሚገኝበት ሳይሆን ስፒከሩ የተቀመጠበት ቦታ ሲግናል ነው።

ሞደሙን የት ላስቀምጠው?

ከጥያቄዎቹ ሁሉ ይህኛው ዋነኛው ነው፤ አንድም ብር ሳይወጣ ትልቁ ለውጥ የሚገኘው እዚህ ነው። በአገራችን ፋይበር ሲገባ ገመዱ ለምሰሶው በሚቀርበው መስኮት ወይም ግድግዳ በኩል ይመጣና ሞደሙ እዚያው፣ የቤቱ ጥግ ላይ ይቀራል። ዋይፋይ በሁሉም አቅጣጫ የሚሰራጭ በመሆኑ ጥግ ላይ ያለ ሞደም ግማሹን ሲግናል ለመንገዱና ለጎረቤት ግቢ ሲያድል፣ በተቃራኒው ጥግ ያለው መኝታ ቤት ትርፍራፊው ብቻ ይደርሰዋል። በዚህ ላይ ገመዱ እንዳይታይ ተብሎ ሞደሙ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ወይም ቡፌ ውስጥ ይደበቃል። የቴሌቪዥን ጀርባ ብረት አለው፤ የቡፌ መስታወት ከኋላው በብረት የተለበጠ ነው፤ መስታወት ለብርሃን የሚያደርገውን ለዋይፋይም ያደርገዋል፣ ይመልሰዋል።

በእናቴ ቤት ሞደሙ ለሁለት ዓመት ያህል የተቀመጠው ቡፌ ውስጥ፣ ከሲኒዎቹ ጀርባ ነበር። እናቴ ማታ ማታ መዝሙር የምታዳምጠው መኝታ ቤቷ ውስጥ ስለሆነ ስልኳን ይዛ በር ላይ ቆማ ስትጠብቅ አያታለሁ፣ ስልኳ ያረጀ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ሞደሙን አውጥቼ ኮሪደሩ ውስጥ ከበሩ መቃን በላይ ባለች መደርደሪያ ላይ ሳስቀምጠው ሙዚቃው እስከ ማድ ቤት ደረሰ። ሥራዬ ሆኖ ሳለ ይህን ለማድረግ ያን ያህል ጊዜ መቆየቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

እንግዲህ የሚሻለው ቦታ የቤቱ መካከል ነው፤ ብዙ ጊዜ ኮሪደር ወይም የሳሎኑ የውስጥ ግድግዳ። ከፍታው ከ1.5 እስከ 2 ሜትር ቢሆን ሲግናሉ ከሶፋና ከሰው በላይ ያልፋል። ከፍሪጅ፣ ከማይክሮዌቭ፣ ከመስታወት ቁም ሳጥን፣ ከላሜራ በርና ከውሃ ማጠራቀሚያ መራቅ አለበት። ሞደሙ የሚንቀሳቀስ ውጫዊ አንቴና ካለው፣ ቤቱ አንድ ወለል ብቻ ከሆነ አንቴናዎቹን ቀጥ አድርገው ያቁሟቸው፤ ሞገዱ ከአንቴናው ጎን በሁሉም አቅጣጫ ይሰፋል፣ ከጫፉ በኩል ግን ደካማ ነው። ፎቅ ካለ አንዱን ማጋደም ወደ ላይና ወደ ታች የሚደርሰውን ይረዳል።

የፋይበሩ ገመድ ካልደረሰስ የሚል ጥያቄ ወዲያው ይከተላል። ፋይበር ውስጡ ብርጭቆ ነው፤ መጎተት፣ ማጠፍ ወይም ቆርጦ መቀጠል በእጅ የሚሠራ አይደለም። ሞደሙን ካለበት ሳያነሡ ከእሱ የኔትወርክ ኬብል አውጥቶ በቤቱ መካከል ሌላ የዋይፋይ ሣጥን ማቆም ይቻላል፤ አሠራሩ ከታች ተገልጿል።

ግድግዳዬ ምን ያህል ይከለክላል?

ከሁሉ የከፋው ብረት ነው። የላሜራ በር፣ የቆርቆሮ ግድግዳና ጣሪያ፣ በፌሮ የተሞላ ሶሌታ፣ ኮለንና ቢም ሲግናሉን ይመልሱታል ወይም ይውጡታል። ዋናው ቤት በብሎኬት፣ ከጓሮ ያለው ሰርቪስ ደግሞ በቆርቆሮ በተሠራበት ግቢ፣ ርቀቱ 8 ሜትር ብቻ ሆኖ ሙዚቃ ሰርቪሱ ውስጥ የማይሰማው በዚህ ነው። ባዶ ብሎኬት ከድፍን ኮንክሪት ይሻላል፤ አንዱን ግድግዳ ሲግናሉ ብዙ ጊዜ ያልፈዋል፣ ሁለተኛውን በድካም፣ ሦስተኛውን ግን እምብዛም። የጭቃ ግድግዳ በበጋ ደህና ሆኖ በክረምት እርጥበት ሲጠጣ ይከብዳል፣ ውሃ እነዚህን ሞገዶች የሚውጥ ነገር ነውና። በአዲሶቹ ሕንፃዎች ላይ የምናየው አንጸባራቂ መስኮት በስሱ ብረት የተለበጠ በመሆኑ ወደ በረንዳ የሚወጣውን ሲግናል ያግዳል።

ባለ አንድ ፎቅ ቤት ውስጥ ሲግናሉ ወደ ላይ የሚወጣው በሶሌታው ሳይሆን በደረጃው ክፍተት ነው ብሎ ማሰብ ይጠቅማል። ሞደሙን ወይም ሁለተኛውን ሣጥን ደረጃው አካባቢ ማኖር ብዙ ጊዜ ያዋጣል።

በሰሜን አሜሪካ አብዛኞቹ የመኖሪያ ቤቶች ግድግዳቸው እንጨትና ጂፕሰም ስለሆነ አንድ ራውተር ሰፊ ቤት ሊሸፍን ይችላል፤ ከዚያ የመጣ ዘመድ «እኛ ጋ አንድ ይበቃል» ሲል እውነቱን ነው፣ ግን ስለ ሌላ ግድግዳ ነው የሚናገረው። በእስራኤል እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ በተሠሩ ቤቶች ውስጥ የሚገኘው ማማድ፣ ማለትም በወፍራም ኮንክሪትና በብረት በር የታጠረው የመጠለያ ክፍል፣ እንደ መኝታ ቤት ሲያገለግል ሙዚቃ በሩ ሲዘጋ የሚጠፋበት ክፍል ይሆናል፤ ለዚህ ክፍል ኬብል ከማስገባት የተሻለ መላ አላየሁም።

2.4 ጊጋኸርዝ ይሻላል ወይስ 5 ጊጋኸርዝ?

ሁለቱ ዋይፋይ የሚሰራጭባቸው የሞገድ መስኮች ናቸው፤ ባንድ ይባላሉ። 2.4 ጊጋኸርዝ ራቅ ብሎ ይደርሳል፣ ግድግዳም ይሻገራል፣ ነገር ግን ጠባብና የተጨናነቀ ነው። 5 ጊጋኸርዝ ሰፊና ፈጣን ነው፣ ግድግዳ ሲያጋጥመው ግን ቶሎ ይደክማል። ለሙዚቃ ፍጥነቱ ወሳኝ ስላልሆነ፣ በሩቁ ክፍል ውስጥ 2.4 ብዙ ጊዜ የተሻለ ምርጫ ነው፤ ሞደሙ ባለበት ክፍልና በአጎራባቹ ደግሞ 5። በርካታ ርካሽ የዋይፋይ ስፒከሮች 2.4 ብቻ ስለሚያውቁ ያንን ባንድ ጨርሶ ማጥፋት አይገባም።

ሁለቱ ባንዶች በአንድ ስም ሲጠሩ ስልኩ ራሱ ይመርጣል፤ ምርጫው ግን ሁልጊዜ የተሳካ አይደለም፣ አንዳንድ ስልክ የደከመውን 5 ይዞ የሙጥኝ ይላል። በዚህ ከተቸገሩ ለሁለቱ ባንዶች የተለያየ ስም ሰጥተው በሩቁ ክፍል ያለውን መሣሪያ ከ2.4 ጋር ብቻ ያገናኙት። የሞደሙ ማስተካከያ ገጽ አድራሻና መግቢያ ብዙውን ጊዜ በሞደሙ ጀርባ ወይም ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ ይገኛል።

ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው የምኖረው፤ ስልኬ ከ20 በላይ ዋይፋይ ያሳየኛል። ምን ላድርግ?

እዚህ ችግሩ የሲግናል ማነስ አይደለም፤ ጫጫታ ነው። ዋይፋይ ተራ ጠብቆ የሚናገር ሥርዓት በመሆኑ በአንድ ቻናል፣ ማለትም ባንዱ በተከፋፈለባቸው መስመሮች በአንዱ ላይ ያሉ ሁሉ እርስ በርስ እየተሰማሙ ተራ ይካፈላሉ። በ2.4 ባንድ ላይ ቻናሎቹ እየተደራረቡ የተቀመጡ ስለሆኑ ሳይነካኩ ጎን ለጎን የሚሠሩት 1፣ 6 እና 11 ናቸው። በመመርመሪያው አፕ ከሦስቱ ብዙ ሰው የሌለበትን አይተው ይምረጡ፤ የቻናሉን ስፋትም 20 ሜጋኸርዝ ላይ ያድርጉት። ባዶ መስሎ የታየውን 3 ወይም 4 መምረጥ ግን ስህተት ነው፤ በሁለት ወገን ካሉት ጋር በግማሽ ስለሚደራረብ ተራ መካፈል ሳይሆን መጯጯህ ይሆናል። ከደረጃው ጎረቤቶች ጋር ተነጋግሮ ቻናሎቹን መከፋፈል ለሁሉም የሚበጅ ነው፤ አብሮ ቡና ለሚጠጣ ጎረቤት ይህን መጠየቅ አይከብድም።

ቻናል 13 በብዙ አገር የተፈቀደ ቢሆንም ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩ ስልኮችና ስፒከሮች ብዙዎቹ አያዩትም። «ከአሜሪካ የመጣው ስልክ ብቻ ዋይፋዬን አያገኘውም» የሚል ሰው ሲገጥመኝ መጀመሪያ የማየው ቻናሉን ነው።

5 ጊጋኸርዝ በኮንዶሚኒየም ውስጥ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ግድግዳ አለማለፉ እዚህ በረከት ነው፣ የጎረቤቱ እርስዎ ጋ አይደርስምና። ቤቱ ባለ አንድ ወይም ባለ ሁለት መኝታ ከሆነ መጀመሪያ እሱን ይሞክሩ።

ኤክስቴንደር፣ ሜሽ ወይስ ኬብል?

ገንዘብ የሚወጣ ከሆነ ለኬብል ይውጣ ብዬ ነው የምመክረው። ኤክስቴንደር፣ ሪፒተርም የሚባለው፣ የሞደሙን ሲግናል ተቀብሎ መልሶ ያሰራጫል፤ በአንድ ባንድ የሚሠራው ዓይነት መስማትና መናገርን በተራ ስለሚያደርግ ፍጥነቱ በግማሽ ገደማ ይወርዳል። ሙዚቃ ያን ቅናሽ ይችለዋል። የሚጎዳው የቦታ አመራረጥ ነው፦ ሰው ኤክስቴንደሩን ሲግናል በሌለበት ክፍል ውስጥ ይሰካዋል፣ ሣጥኑም የሌለውን ሲግናል ያባዛል። መቀመጥ ያለበት በመካከል፣ ራሱ ቢያንስ 65 ሲቀነስ አካባቢ በሚያገኝበት ቦታ ነው። ሜሽ የሚባለው ስብስብ በአንድ ስም የሚሠሩና እርስ በርስ የሚግባቡ ሣጥኖች ሲሆን፣ ስልክ ይዞ ከክፍል ክፍል ለሚንቀሳቀስ ሰው መቋረጡን ይቀንሳል፤ ነገር ግን በፌሮ በተሞላ ሶሌታ መካከል ሣጥኖቹ ራሳቸው ካልተሰማሙ ዋጋው በከንቱ ይወጣል።

ኬብል ይህ ሁሉ ጣጣ የለውም። ካት 5ኢ ወይም ካት 6 ኬብል እስከ 100 ሜትር ድረስ ያገለግላል፣ ለአንድ ግቢ ከበቂ በላይ ነው። በሌላኛው ጫፍ አክሰስ ፖይንት፣ ማለትም በኬብል የመጣውን ኢንተርኔት በዋይፋይ የሚያሰራጭ ሣጥን ይቆማል፤ ቤት ውስጥ ተቀምጦ የቀረ አሮጌ ራውተርም ለዚህ ይሆናል። አሮጌውን ራውተር መጀመሪያ አድራሻውን ከዋናው ሞደም ጋር እንዳይጋጭ ይለውጡት፤ ለምሳሌ ዋናው 192.168.1.1 ከሆነ እሱን 192.168.1.2 ያድርጉት። ቀጥለው ለመሣሪያዎች አድራሻ የሚያድለውን ዲኤችሲፒ የሚለውን ያጥፉ፣ ኬብሉን ላን በሚለው ቀዳዳ እንጂ ዋን በሚለው አይሰኩ፣ የዋይፋይ ስሙንና ፓስወርዱን ከዋናው ጋር አንድ ያድርጉ፣ ቻናሉን ግን ይለዩ።

ኬብሉ ወደ ሰርቪስ ቤት በግቢው የሚያልፍ ከሆነ ለውጭ የተሠራ፣ ፀሐይ የማይሰነጥቀው ዓይነት ይሁን፤ በተቻለ መጠን በቱቦ ውስጥ በመሬት ይለፍ፤ ከመብራት ሽቦ ጋር በአንድ ቱቦ ፈጽሞ አይግባ። በክረምት መብረቅ በሚበዛበት አካባቢ ውጭ የተዘረጋ የመዳብ ኬብል ሞደሙን ለአደጋ ስለሚያጋልጥ፣ ነጎድጓድ ሲጀምር መንቀል ጥሩ ልማድ ነው።

በመብራት ሽቦ ኢንተርኔት የሚያስተላልፉ ፓወርላይን የሚባሉ ሶኬቶችም አሉ። ቤቱ ስሪ ፌዝ ከሆነና ሁለቱ ሶኬቶች በተለያየ ፌዝ ላይ ካሉ ላይግባቡ ይችላሉ፤ በስታቢላይዘር ወይም በማከፋፈያ በኩል ሲሰኩም ይደክማሉ፣ በቀጥታ ግድግዳው ላይ መሰካት አለባቸው። ለመግዛት ከማሰብዎ በፊት ተውሰው ይሞክሩ።

ዘመዴ ከውጭ ጥሩ ራውተር አምጥቶልኛል። በሞደሙ ምትክ መጠቀም እችላለሁ?

በፋይበር መስመር ላይ አብዛኛውን ጊዜ አይቻልም፤ የፋይበሩን ብርሃን የሚተረጉመው ሞደም በአገልግሎት ሰጪው የተመዘገበ ነው። ከሞደሙ ቀጥሎ ግን በኬብል ሊያገናኙት ይችላሉ። መጀመሪያ የቻርጀሩን ጽሑፍ ያንብቡ፦ 100–240 ቮልት የሚል ከሆነ የሶኬት መቀየሪያ ብቻ ይበቃል፤ 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ በእኛ 220 ቮልት ላይ ይቃጠላል።

አዲሱን ራውተር እንደ አክሰስ ፖይንት ካላስተካከሉት ቤቱ ሁለት ኔትወርክ ይሆናል። ስልኩ በአንዱ፣ ስፒከሩ በሌላው ላይ ሲሆኑ ሁለቱም ኢንተርኔት እያላቸው አይተያዩም፤ «ስልኬ ስፒከሩን አያገኘውም» የሚለው አቤቱታ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ የሚመጣ ነው። ስፒከሩን በእንግዳ ኔትወርክ ላይ ማገናኘትና ስልኩ ላይ ቪፒኤን ከፍቶ መርሳትም ያንኑ ውጤት ያመጣሉ።

ዋይፋይ 6 ያለው አዲስ ራውተር ብገዛ ሽፋኑ ይሰፋል?

እምብዛም። ዋይፋይ 6 ብዙ መሣሪያ በአንድ ጊዜ ሲገናኝ ሥርዓት በማስያዝ ይበልጣል፤ የማሰራጫ ኃይሉ ግን በሕግ የተወሰነ ነው፣ ብሎኬቱም ያው ብሎኬት ነው።

ልጆቹ ቪዲዮ ሲከፍቱ ወይም ስልኮቹ ፎቶ ሲልኩ ሙዚቃው ለምን ይቆማል?

ፎቶና ቪዲዮ ወደ ደመና ማከማቻ ሲጫን ወደ ላይ የሚሄደውን መስመር ይሞላዋል፤ ሙዚቃ ለመሳብ ደግሞ ስልኩ ትንንሽ መልእክቶችን ወደ ላይ መላክ ስላለበት እነሱ ወረፋ ላይ ይቀራሉ። የፎቶ መጫኛውን ሌሊት እንዲሠራ ማድረግ፣ ሞደሙ ኪውኦኤስ የሚል ማስተካከያ ካለው ደግሞ ለስፒከሩ ቅድሚያ መስጠት ይቻላል። የማያውቋቸው መሣሪያዎች መስመርዎን እየተጠቀሙ እንደሆነም ይመልከቱ፤ ካሉ ፓስወርዱን ይቀይሩ፣ ከዋይፋዩ የደኅንነት ዓይነቶች ደብሊውፒኤ2 ወይም 3 ይምረጡ፣ ፓስወርድ ሳይጻፍ መገናኘት የሚፈቅደውን ደብሊውፒኤስ የሚለውን ያጥፉ።

መብራት ሲጠፋስ?

ሞደም ትንሽ ኃይል ነው የሚፈልገው፤ 12 ቮልትና 1 አምፔር የሚል ከሆነ ቢበዛ 12 ዋት ነው። ለራውተር የተሠራ አነስተኛ ዩፒኤስ ባትሪው 10,000 ሚሊአምፔር ሰዓት በ3.7 ቮልት ከሆነ በውስጡ 37 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ በመንገድ ላይ የሚባክነው ሲቀነስ ለሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይበቃል። የዩፒኤሱ ቮልት ከሞደሙ ጋር አንድ መሆን አለበት፤ አምፔሩ ሊበልጥ ይችላል፣ ሊያንስ ግን አይገባም። ኤክስቴንደር ወይም አክሰስ ፖይንት ካለዎት እሱም ኃይል እንደሚፈልግ አይርሱ።

ምንም ባደርግ ዋይፋይ የማይደርስበት ክፍል አለኝ። እዚያ እንዴት ሙዚቃ ልስማ?

ሙዚቃ ከቪዲዮ ጥሪ የሚለየው ቀድሞ ሊቀመጥ መቻሉ ነው። በ320 ኪሎቢት የአንድ ሰዓት ሙዚቃ 144 ሜጋባይት፣ በ160 ደግሞ 72 ሜጋባይት ብቻ ነው፤ 10 ሰዓት የሚሞላ የዘፈን ስብስብ ከ1.5 ጊጋባይት ባነሰ ቦታ ይቀመጣል። ማውረድ በሚፈቅደው የአፑ አገልግሎት ማታ ሞደሙ አጠገብ ያውርዱትና ስልኩን ወደዚያ ክፍል ይውሰዱት። በአንድ ደንበኛዬ ቤት ሽማግሌው አባት የሚተኙበት ክፍል በኮንክሪት የታጠረ ነበር፤ ልጃቸው መሳቢያ ውስጥ የተረሳ አሮጌ ስልክ አውጥታ የሚወዷቸውን የበገና መዝሙሮች በሙሉ አውርዳ ከስፒከሩ ጋር አገናኝታ ትታላቸው ነበር፣ በየሳምንቱ እሑድ ስልኩን ሳሎን አምጥታ አዲስ ትጨምርበታለች።